ሮም ለሁለት ሌሊት፦ የት ሰፈር እንደር?

እሷ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የአንዲት አድማጫችንን ጥያቄ ይዘን ነው የመጣነው። ከእናቷ ጋር ስዊዘርላንድ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። መንገዳቸውን ሮም ላይ ሰብረው ሁለት ሌሊት ያድራሉ። "የት ሰፈር ብናርፍ ይሻላል?" ነው ጥያቄው።

እሱ፦ ቺርኮ ማሲሞ።

እሷ፦ ኧረ ቆይ፣ ገና ሰላም እንኳ አላልክም!

እሱ፦ ሰላም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ቺርኮ ማሲሞ፣ የጥንቱ የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ አካባቢ። በቃ፣ ሌላ ሰፈር አልጠራም።

እሷ፦ እኔ ደግሞ ተርሚኒ፣ ዋናው የባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው የምለው። ምክንያቴን ልናገር፣ ከዚያ ያንተን እንሰማለን። ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያስገባሻል። ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ወርደሽ ሻንጣሽን እየጎተትሽ በእግርሽ ሆቴል ትገቢያለሽ። የሜትሮው ኤ እና ቢ መስመር የሚገናኙትም እዚያው ነው። እንጀራ ካማረሽ ደግሞ ዙሪያውን የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ሁለት ሌሊት ለሚያድር ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

እሱ፦ ለመድረስ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ለማደር ግን ሌላ ነገር ይፈለጋል። እይ፣ ሁለት ሌሊት ማለት ሁለት ምሽትና ሁለት ጠዋት ነው። ቀን ላይ የትም ብታድሪ መሄጃሽ ያው ነው፦ ኮሎሲየም ነው፣ ቫቲካን ነው፣ የትሬቪ ምንጭ ነው፣ ከሰው ጋር እየተጋፋሽ ነው። ለውጥ የሚመጣው ጠዋት በር ከፍተሽ ስትወጪና ማታ እራት በልተሽ ስትመለሺ ነው። ያን ጊዜ ከፊትሽ ምን አለ? የምታድሪበትን ሰፈር በዚያ ነው የምትመርጪው።

እሷ፦ ዋጋውስ?

እሱ፦ ዋጋው ላይ እንመጣለን። መጀመሪያ ግን አባቴን ላንሳ።

እሷ፦ ይኸው ጀመረ! አድማጮች፣ ቡናችሁን አፍሉ።

እሱ፦ አይ ስሚኝ፣ ከጥያቄው አልወጣሁም። አባቴ ጀርመን ያለችው እህቴ ጋ ሲሄዱ ሮም ላይ አብሬያቸው ነበርኩ። ምን ማየት ይፈልጋሉ ስላቸው ቫቲካንም አላሉ፣ ኮሎሲየምም አላሉ። "አበበ ቢቂላ የገባበትን ቅስት አሳየኝ" ነው ያሉኝ። ሌላ ምንም። እኔም ካርታውን ከፍቼ ማረፊያ መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ ቅስት ተነስቼ ነው። ቅስቱ የቆስጠንጢኖስ ነው፣ ኮሎሲየም አጠገብ።

እሷ፦ ውይ፣ እሳቸው እኮ ሲያወሩ ደስ ይላሉ።

እሱ፦ ቺርኮ ማሲሞ አጠገብ፣ አቬንቲኖ ኮረብታ ላይ፣ መነኮሳይት የሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ አገኘሁ። ሮም ውስጥ እንዲህ ዓይነት ብዙ አለ፣ ሰው ስለማያውቀው ነው። ክፍሉ ጠበብ ያለ ነው። ሁለት የብረት አልጋ፣ ከራስጌ መስቀል፣ የተተኮሰበት እጥፋት ገና ያልጠፋ ነጭ አንሶላ። ቴሌቪዥን የለም። ማታ 5 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ውጭ መቅረት የለም። አባቴ እዚህ ላይ "እንዲህ ነው ሥርዓት" ብለው ተደሰቱ።

እሷ፦ አድማጫችን ብትሆን ግን በ5 ሰዓት መታሰሩን ትወደዋለች ብለህ ነው?

እሱ፦ ከእናቷ ጋር አይደለች? ሌሊቱን ምን ልታደርግበት ነው! እና አባቴ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቀሰቀሱኝ። ወረድን። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው አደባባይ፣ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና፣ ጥቂት ደቂቃ ነው በእግር። ሐውልቱ 24 ሜትር፣ 160 ቶን ያህል ነው። በ1929 ዘርፈው ወሰዱት፤ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ሊሠሩት ባሰቡት ሕንፃ ደጃፍ ላይ ተከሉት። ያ ሕንፃ ዛሬ ፋኦ ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት። ሐውልቱ የተመለሰው በ1997 ነው፣ ለሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ። እና አባቴ ባዶው ቦታ ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ፣ ደጋግመው አዩ፣ ከዚያ "እንኳን ባዶ ሆነ" አሉ።

እሷ፦ እሰይ!

እሱ፦ ከዚያ ወደ ቅስቱ የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፣ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ። በግራሽ የፓላቲን ኮረብታ ነው፣ ዳርና ዳሩ ጥድ ነው። በቀስታ ብትሄጂም ከ10 ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። አበበ ያችን መንገድ ነው በመጨረሻ የሮጣት። ያ ማራቶን እኮ ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ ነው ያለቀው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በማግስቱ እንቁጣጣሽ! በአፒያ መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩላቸው ነበር። የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ከጎኑ አልላቀቅ ብሎታል። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው ጥሎት የፈተለከው ይባላል። በባዶ እግሩ! 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። ከዚያ በፊት ማራቶንን እንዲህ ፈጥኖ የጨረሰ ሰው አልነበረም።

እሷ፦ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ብሰማው አይሰለቸኝም።

እሱ፦ እኔ ታዲያ "አባዬ፣ ጫማዎትን አውልቀው ፎቶ ላንሳዎት" አልኳቸው። እምቢ! "እሱ አገሩን ወክሎ ነው ያወለቀው፤ እኔ ማንን ወክዬ ነው የማወልቀው?" አሉኝ።

እሷ፦ እንዴ! ትክክል ናቸው እኮ።

እሱ፦ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ቅስቱ ሥር ቀጥ ብለው ቆሙ፣ አነሳኋቸው። አካባቢው ላይ ጽዳት ሠራተኞችና ሁለት ሯጮች ብቻ ነበሩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ብትሄጂ መቆሚያ አታገኚም። እኔ የምለው ይኼን ነው። ይህን ጠዋት የሰጠን ማረፊያው ነው።

እሷ፦ ግን ሜትሮ አለ እኮ። ቺርኮ ማሲሞ በቢ መስመር ከተርሚኒ ሦስት ፌርማታ ናት። ኮሎሲየም ደግሞ ሁለት። ሜትሮው ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይሠራል። ተርሚኒ አድሬም ያንተን ጠዋት አገኘዋለሁ።

እሱ፦ ታገኚዋለሽ፣ ግን አትሄጂም! ከበረራ ድካም ጋር በጠዋት ተነስቶ ሜትሮ የሚይዝ ማን ነው? በሩ ላይ ከሆነ ግን ትወጫለሽ።

እሷ፦ ሦስት ፌርማታ ነው ያልኩህ። ሦስት!

እሱ፦ ሦስትም ብትሆን ሜትሮ ናት።

እሷ፦ እሺ፣ በታሪክ ከሆነ ልምጣልህ። ከተርሚኒ ወጥተህ የምትቆምበት ሰፊው አደባባይ በማን ስም ነው የተሰየመው? ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ። በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች ነው! ዝቅ ብሎ ደግሞ መታሰቢያቸው አለ፣ ከግብፅ የመጣ ሐውልት ላዩ ላይ ያለበት። ፋሺስቶቹ ከአዲስ አበባ የነቀሉትን የይሁዳ አንበሳ ያስቀመጡት እዚያ ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ሰይፉን የመዘዘው አንበሳውን አይቶ ነው እየተባለ ነው ያደግነው። አንበሳው ዛሬ ለገሃር ቆሟል። ስለዚህ ባንተው ሕግ ብንሄድ ተርሚኒ አሸነፈ።

እሱ፦ ይኼን... ይኼን አላሰብኩትም ነበር። ዘርዓይ ደረስን ስታነሺ ምን እላለሁ! ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሐበሻ ሻንጣውን እየጎተተ እዚያው ላይ ያልፋል እኮ፣ ማንም አይነግረውም።

እሷ፦ አሸነፍኩ ማለት ነው?

እሱ፦ በአደባባዩ አሸንፈሻል። በአልጋው ገና ነን። ማታ እራት በልተሽ ስትመለሺ ተርሚኒ ዙሪያ ጫጫታ ነው፣ ኪስ አውላቂም አለ፤ ደክሟት ከምትሄድ እናት ጋር ቦርሳሽን አቅፈሽ እየተገላመጥሽ ነው የምትገቢው።

እሷ፦ እሱ በየትኛው በኩል እንደሆንሽ ይለያያል። ቪያ ማርሳላ በኩል ያሉት ጎዳናዎች እኔን አስፈርተውኝ አያውቁም። ይልቅ ያንተ አቬንቲኖ ኮረብታ ነው። እናትየው ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብላ ጽፋለች እኮ፣ አላነበብኩልህም እንጂ።

እሱ፦ አሃ። እንዲያ ከሆነ ኮረብታውን ተይው። ከሥር ቺርኮ ማሲሞ ሜዳው አጠገብ ሜዳማ ነው።

እሷ፦ ደግሞ አየር ማረፊያው?

እሱ፦ ይኼን ነው ሰው የማያውቀው! ከፊውሚቺኖ ሌላ ባቡር አለ፣ ኤፍ ኤል 1፣ 8 ዩሮ። ተርሚኒ አይሄድም። ኦስቲየንሴ ትወርጃለሽ፣ የፒራሚዴ ሜትሮ እዚያው ተያይዞ ነው፣ ከፒራሚዴ ቺርኮ ማሲሞ አንድ ፌርማታ። አንድ! አንቺ ሦስት ትያለሽ።

እሷ፦ ከሻንጣ ጋር መቀየር አለ ግን። ለእናትየው ታክሲ ይሻላል። ከአየር ማረፊያው እስከ መሀል ከተማው፣ የጥንቱ የከተማ ግንብ ውስጥ፣ ቁርጥ ዋጋ ነው። ሳትገቢ ጠይቂ፣ ታሪፉ በሩ ላይ ተጽፏል።

እሱ፦ እሱስ እውነት ነው። ለሁለት ሰው ያዋጣል።

እሷ፦ ሌላው ደግሞ ሰዓቱ። ሌሊት ከአዲስ የሚነሳ በረራ ማለዳ ያደርስሻል። ክፍል የሚሰጡሽ ግን ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ጻፊላቸው፦ "ጠዋት እንደርሳለን፣ ሻንጣ ትቀበሉናላችሁ?" በሉ። በተለይ አፓርታማ ከሆነ፣ እንግዳ መቀበያ ላይኖረው ይችላል፣ በሩ ላይ ኮድ ብቻ ነው ያለው። እናትየውን ይዘሽ መንገድ ላይ ስድስት ሰዓት መቆም ነው።

እሱ፦ በጣም! ለዚህ እኔም ሆቴል ወይ የመነኮሳይቱን ነው የምመርጠው። ሰው አለበት። አሳንሰር መኖሩንም ጠይቂ። የሮም ሕንፃ አሮጌ ነው፣ "ሁለተኛ ፎቅ" ሲሉሽ ደረጃው አያልቅም። አሳንሰሩም ቢኖር አንዳንዱ አንድ ሰው ከነሻንጣው አይችልም።

እሷ፦ የከተማው ግብርም አለ። ኢንተርኔት ላይ ከከፈልሽው ውጭ ነው፣ እዚያው ይጠይቁሻል። ባለ 3 ኮከብ ሆቴል በሰው በአዳር 6 ዩሮ ነው። ለሁለቱ ለሁለት ሌሊት 24 ዩሮ። እንዳትደነግጪ።

እሱ፦ ርካሽ ነው ብላችሁ ግን ከከተማ ውጭ እንዳትወጡ። 20 ዩሮ ቆጥበሽ ከሁለት ቀን ውስጥ ግማሹን ቀን አውቶቡስ መጠበቅ ነው።

እሷ፦ እዚህ ላይ ተስማምተናል። ትራስቴቬሬስ? ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚያወራው።

እሱ፦ ምሽቱ ይጥማል፣ ሜትሮ ግን የለውም፣ ሌሊቱም አያስተኛም። ለእናት አልመክርም። ሞንቲ ብትይኝ ግን እስማማለሁ። ካቩር ፌርማታ። ካንቺ ተርሚኒ አንድ ፌርማታ፣ ከኮሎሲየም አንድ ፌርማታ።

እሷ፦ ሞንቲ ዳገት አለው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

እሱ፦ ከካቩር ወደ ኮሎሲየም ቁልቁለት ነው።

እሷ፦ መመለሻውስ?

እሱ፦ መመለሻው በሜትሮ።

እሷ፦ ታዲያ ሜትሮ ከያዝን ሦስት ፌርማታ ምን አደረገ!

እሱ፦ ጠዋት በእግር፣ ማታ በሜትሮ ነው የምለው። አድማጫችን፣ አሳንሰር ያለው ሞንቲ ካገኘሽ ያዢው። ካጣሽ ቺርኮ ማሲሞ።

እሷ፦ ወይም ተርሚኒ፣ በቪያ ማርሳላ በኩል። የቱን እንደመረጥሽ ጻፊልን፣ እናትሽን ሰላም በይልን። ቻው!