ሐረጎን ለምትወርድ መኪና

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔ፣ ማይኩና አንድ ጀበና ቡና ነን።

ስለ መኪናዬ ላወራችሁ ነው። አሮጌ ቶዮታ ሂሉክስ ፒክአፕ ናት። ኤልኤን 106 የሚባለው ዓይነት፤ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ፣ ያ የተደራረበው የብረት ሞላ ማለቴ ነው፣ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር። ወደ ሞተር አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ የላትም፣ ኮምፒውተር የላትም። ብዙ ነገር የላትም፤ ለዚህ ነው ራሴ የምሠራት።

ራሴ እንደምሠራት የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። "ምን ጨመርክባት?" የሚጠብቁት ሰፊ ጎማ ነው፣ ጣሪያ ላይ የሚደረደር መብራት ነው፣ ቱርቦ ነው። "ፍሬን" ስላቸው ፊታቸው ይቀዘቅዛል። እውነታቸውን ነው፣ ፍሬንን ማን ፎቶ ያነሳዋል?

ግን ደሴ እየኖረ ኮምቦልቻ ጉዳይ ያለው ሰው ነገሩ ይገባዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። መሃል ላይ የሐረጎ ቁልቁለት አለ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ጠመዝማዛ ነው። ጉም የወረደ ቀን ከፊት ያለውን የጭነት መኪና የምታዩት ጭራው ላይ ስትደርሱ ነው። እዚህ መንገድ ላይ አልሄድም ያለች መኪና ታበሳጫለች። አልቆምም ያለችው ግን ሌላ ጉዳይ ናት።

ስለዚህ የእኔ ተራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚያቆማት ይሠራል። ቀጥሎ የሚያስነሳት። ጉልበት የሚጨምርላት መጨረሻ ላይ፣ ብር ከተረፈ። ብር ደግሞ አይተርፍም።

"አዲስ አትገዛም ወይ?" የሚለኝም አለ። ወንድሜ፣ በምን? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ግብሩን አከበደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ፒክአፕ ዋጋው ሲወርድ ያየሁበት ቀን የለም። ያለችውን መጠገን ነው።

መኪናዋን የገዛኋት ኮምቦልቻ ነው፤ የፍሬኑም ሥራ የተሠራው እዚያው አባቴ ግቢ ውስጥ ነው። ደሴ ላይ መኪና በክሪክ የሚነሳበት ሜዳ ቦታ ማግኘት መከራ ነው። ከሆጤ ብትሉ፣ ከሸዋ በር ብትሉ፣ ያላዘመመ ግቢ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ክሪክ ደግሞ ያዘመመ መሬት አይወድም። ሜዳም ላይ ቢሆን በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር አትግቡ፤ ደጋፊ ብረት አስገቡባት፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ያዙ።

አባቴ ሾፌር ነበሩ። አሰብ ወደባችን በነበረ ጊዜ በኤንትሬ ፊያት በባቲ፣ በሚሌ አድርገው ይመላለሱ ነበር። አሁን ጉልበታቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን መኪና ሲመጣ ከአጥር ውጭ ሆኖ ምኑ እንደታመመ ይነግራቸዋል። የእኔን መኪና መጀመሪያ ግቢ ሳስገባት "ይቺ ልጅ ወገቧን ደርቋታል" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ድፍት ይላል። ከኋላ የሚይዛት ነገር ያለ አይመስልም። ጎማ አውርጄ ሳይ፣ የፊቱ የፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ሊነካ ደርሷል። የኋላው ግን ገና ወፍራም ነው። ፊቱ ብቻውን ሲሠራ፣ ኋላው አብሮ ሲጓዝ ኖሯል ማለት ነው።

"ሥሯ ግባና እይ" አሉኝ። ገባሁ።

ከኋላው ዲፈረንሻል ተነስታ ወደ ቴላዮው፣ አካሏን ወደተሸከመው የብረት አጥንት፣ የምትወጣ ቀጭን ዘንግ አለች። ጫፏ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ላይ ይገጠማል። በእነዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ፒክአፖች ላይ ታገኟታላችሁ። ሥራዋ ጭነት መመዘን ነው። መኪናዋ ባዶ ስትሆን የኋላው አካል ከፍ ይላል፤ ዘንጓ ትወርዳለች፤ ቫልቩም ለኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት ይቀንሳል። አለዚያ ባዶ ፒክአፕ የኋላ ጎማዋ ተቆልፎ ጅራቷ ይዞራል። ጭነት ሲኖር ደግሞ ወገቧ ዝቅ ይላል፤ ዘንጓ ቫልቩን ትገፋለች፤ ለኋላው ሙሉ ግፊት ይለቀቃል። ያለ አንዲት ሽቦ፣ ያለ ኮምፒውተር። ይህን ያሰበ ኢንጂነር እጁ ይባረክ።

የቀድሞው ባለቤት ብዙ ጭነት እንድትችል ብሎ ከኋላ ባሌስትራ አስጨምሮባታል። ባሌስትራ ማስጨመር እኛ አገር የተለመደ ነው፤ መኪናዋ ቆማ ስትታይም ደስ ትላለች፣ ኮርታ። ግን ኋላዋ ከፍ ሲል ዘንጓ ታች ቀረች። ቫልቩ ሁልጊዜ "ባዶ ነኝ" ብሎ ያምናል። ሲሚንቶ ስትጭኑባትም ባሌስትራው ስለደነደነ ብዙ አትወርድም። ፍሬን በጣም በሚያስፈልጋት ቀን የኋላ ፍሬኗ ግማሽ ልቡን ይሠራል። በዚያ ላይ የዘንጓ መጋጠሚያ ዝጎ በእጄ ሊነቃነቅልኝ አልቻለም።

ሁለት መንገድ አለ። ዘንጓ የምትታሰርበትን ቦታ ባሌስትራው ኋላዋን ባነሳው ልክ ከፍ ማድረግ፣ ወይም የተጨመረውን ማውጣት። እኔ አስወጣሁት። የምጭነው ከኩታበር የሚመጣ ድንች፣ የሱቅ ዕቃ፣ አንዳንዴ የሠርግ ወንበር ነው። የፋብሪካው ባሌስትራ ይበቃኛል። ዝገቱን አጸዳሁ፣ ግራሶ አስገባሁ። የቫልቩን ልክ ግን ራሴ አልነካሁትም። እሱ የፊትና የኋላው ግፊት በጌጅ እየተለካ የሚስተካከል ነው፤ ጋራዥ ወሰድኩት። ራስን መሥራት ማለት ሁሉን መነካካት አይደለም፤ ጌጅ በሌለበት ፍሬን በግምት አይስተካከልም።

አሁን የእጅ ፍሬን። ይሄ እኛን ሁላችንን የሚነካ ነገር ነው።

እኛ አገር መኪና ሲቆም የሚታመነው ድንጋይ ነው። ረዳቱ ዘሎ ይወርዳል፣ ድንጋይ ያደርጋል፣ አለቀ። የእጅ ፍሬኑ ለጌጥ ይቀራል። ይቺ ሂሉክስ ግን የኋላ ሸራዋን የምታስተካክለው በእጅ ፍሬን ነው። እጅ ፍሬኑ በተሳበ ቁጥር ታምቡሩ ውስጥ ያለች ጥርስ ያላት ማስተካከያ ጠቅ፣ ጠቅ እያለች ሸራው ሲያልቅ የተፈጠረውን ክፍተት ትሞላለች። ካልተሳበ አትሞላም። ክፍተቱ ይሰፋል፤ ፔዳሉ ወደ ታች ይርቃል፤ ሰውየው "ፍሬን ዘይት ጎድሏል" ብሎ ይጨምራል። ችግሩ ዘይት አይደለም፤ ድንጋዩ ነው።

የእኔን ስከፍት ከጎማው ኋላ ያለችው የእጅ ፍሬኑ መገላበጫ ብረት ከዝገት ጋር አንድ አካል ሆና ነበር። ፈታኋት፣ በናፍጣ ነክሬ አሳደርኳት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኳት፣ አዲስ ግራሶ ሰጠኋት። አዲስ ዕቃ አልተገዛም። ታምቡሩን ከገጠምኩ በኋላ እጅ ፍሬኑን ደጋግሜ ስስበው ጠቅታው ተሰማኝ። ፔዳሉ ወደ ላይ መጣ። ድንጋዩን አሁንም አደርጋለሁ፣ አልዋሽም። ግን እጅ ፍሬን ስቤ ነው።

ከዚያ የፍሬን ዘይት። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቻል አለበት። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። አሁን ሐረጎን አስቡ። ሹፌሩ ማርሹን ለቆ፣ እግሩን ፍሬን ላይ ጥዶ ይወርዳል። ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይደርሳል፣ አሮጌው ዘይት ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ሲጫን አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጣችሁ ያህል ይሰምጣል። ሰው "ፍሬን በጠሰ" ይላል። ሲታይ የተበጠሰ ቱቦ ላይኖር ይችላል፤ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመልሶ ይመጣል፣ መካኒኩም "ምንም የለባትም" ይላል።

እኔ የቀዳሁት ዘይት ቡና ይመስል ነበር። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየራል የሚባለውን ነገር እኛ ጋ ማን ይሰማዋል? የሞተር ዘይት እንቀይራለን፣ የፍሬኑን እንጨምራለን እንጂ አንቀይርም።

ሲቀየር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ሥር፣ አንዱ ፔዳል ላይ። አባቴ ጋቢና ገቡ። እኔ ከጎማው ጀርባ ያለችው የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ግልጽ ቱቦ ሰክቼ ጫፉን ሃይላንድ ውስጥ አስገባሁ።

"ይርገጡ አባዬ።"

"ረግጫለሁ።"

"ይያዙት።" ማስወጫዋን ከፈት፤ ቡና የመሰለው ከነአረፋው ፈሰሰ፤ ዘጋሁ። "ይልቀቁ።"

ከኋላ ጎማ ጀምረን ወደ ፊት መጣን። ያቺ ጭነት መዛኝ ቫልቭም የራሷ ማስወጫ አላት፤ ብዙ ሰው ይረሳታል። ከላይ ያለው ማጠራቀሚያ ባዶ እንዳይሆን በየመሃሉ መጨመር ነው፤ ከጎደለ አየር ይገባል፣ ሥራው ሁሉ ከእንደገና። ዘይቱ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውኃ እጠቡት፣ ቀለም ይበላል። እኔ ሥር ሆኜ ስቸኩል አባቴ ከላይ "አብሽር፣ አሰብ አይደለም የምንሄደው" ይሉኛል። መጨረሻ ላይ ቱቦው ውስጥ የሚወርደው ንጹህ፣ አረፋ የሌለው ሆነ። እሳቸውም ፔዳሉን አንዴ ረግጠው "አሁን ድንጋይ ሆነ" አሉ።

ዘይቱ ተቀየረ ማለት ግን እንደልብ ይወረዳል ማለት አይደለም። አባቴ የሚሉት የሁሉም የድሮ ሾፌር ምክር ነው፤ ቁልቁለቱን ብትወጣው ኖሮ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ሞተሩ ይያዛት፣ ፍሬኑን ነካ፣ ለቀቅ። ከኋላ ጥሩምባ የሚያስጮህ ካለ ይቅደም፣ መንገዱ የሁሉም ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው። ደሴ ጠዋት ብርድ ነው፤ ይቺ ሞተር ደግሞ የማሞቂያ ካንዴላዎቿ ካልሠሩ ነጭ ጭስ እየተፋች ትለምናለች። አራቱን የሚያገናኘውን ብረት አንስታችሁ አንድ በአንድ በቴስተር ለኩ፤ ጨርሶ የማያስተላልፈው ሞቷል፣ እሱን ቀይሩ። ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የማሳውን፣ ባትሪውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ፈትታችሁ የሚታሰርበትን ብረት እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት እሹት። የእኔ ሞተሪኖ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው፣ "ሞቷል፣ ይቀየር" ተብሎ ነበር፤ የተቆሸሸው ማሳው ነው። ቫልቭና ፒስተን ተራቸውን ጠብቀው እንዲሠሩ የሚያደርገው የጥርስ ቺንጋ ደግሞ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ፣ ቀይሩትና ቀኑን ኮፋኖው ሥር ጻፉት።

የራዲያተሩ ክዳን ትንሽ ነገር መስሎ የሚናቅ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ውኃ ገና 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት እየያዘ ነው ፍላቱን ወደ ላይ የሚገፋው። ጎሚኒው የተሰነጠቀ ክዳን ይዞ ከኮምቦልቻ ሽቅብ መውጣት ሞተር መቀቀል ነው።

ቱርቦስ? ይሄ ጥያቄ ስለማይቀር ልመልሰው። ነገሩ ሞኝነት አይደለም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል ላይ ካለው ጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የእኔዋ ከፋብሪካ ስትወጣም 90 ፈረስ አካባቢ ነች። ሽቅቡ ላይ ባጃጅ ሲያልፈኝ አይቼ አውቃለሁ። ቱርቦ ያንን ይመልሳል። ግን የዚህች ሞተር እመቃ፣ አየሩን ጨምቃ የምታሳንስበት ልክ፣ 22 ለ1 ነው፤ ለቱርቦ አልተሠራችም። የሚጨመረው ሙቀት የሚያርፈው ቴስታታዋ፣ የሞተሯ ራስ፣ ላይ ነው፣ ከዚያ ከሥሩ ያለችው ጓርኒሲዮን፣ ከዚያ ፍሪሲዮኗ፣ ከዚያ የእኔ ኪስ። በሁለተኛ ማርሽ እወጣለሁ። ቸኩዬ አላውቅም።

አሁን የግራ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ማጉረምረም ጀምራለች፣ በተለይ ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ። ቦሎም ሊደርስ ነው። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርጄ እከፍታታለሁ፤ እንዴት እንደምትጠብቅ፣ ግራሶዋ የትኛው እንደሆነ በሚቀጥለው እነግራችኋለሁ። ደህና ሰንብቱ።