አለቃ ለማን ይከሰሳል?

የዚህ ሳምንት የአድማጮች ጥያቄና መልስ እንግዳችን በአሜሪካ ምድር ጦር 21 ዓመት አገልግለው በሳጅን ፈርስት ክላስ ማዕረግ ጡረታ የወጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አቤቱታ ያላቸውን የሐበሻ ልጆች ወረቀት ሲያነቡ ይውላሉ። ከዲሲ፣ ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከዳላስ በስልክ ከገቡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹ ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ (ወጣት ወታደር፣ ከአሌክሳንድሪያ)፦ ኮማንደሬን የምከሰው ለማን ነው? አይ ጂ የሚባለው ነጻ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። በየቤዙ ያለው ኢንስፔክተር ጄኔራል (አይ ጂ)፣ አቤቱታ የሚመረምረው ክፍል፣ የሚሠራው ለዚያው ቤዝ አዛዥ ነው። «የአዛዡ ዓይንና ጆሮ» ይሉታል፤ ዓይንና ጆሮ ደግሞ ከራስ ተለይቶ አይሄድም። ጨዋ መኮንን ከገጠመህ ይሠራልሃል፤ የሥራ ምዘናውን የሚሞላለት ማን እንደሆነ ግን አትርሳ። ከእሱ በላይ የመከላከያው ዋና ኢንስፔክተር ጄኔራል አለ። ሲቪል ነው፣ በሕግ የቆመ ነው፣ ሪፖርቱም ለኮንግረስ ይደርሳል። እሱም ቢሆን በጥር 2025 ከሌሎች ብዙ ኢንስፔክተር ጄኔራሎች ጋር በአንድ ዓርብ ማታ ተሰናብቷል፤ ሕጉ ለኮንግረስ የ30 ቀን ማስታወቂያ ይሰጥ እያለ። የነጻነቱን ልክ ከዚህ ተረዳው።

ሌላም መንገድ አለ፤ የወታደራዊ ሕጉ አንቀጽ 138 ይባላል። በደል የፈጸመብህ ራሱ ኮማንደሩ ከሆነ መጀመሪያ ለእሱ በጽሑፍ «ይታረምልኝ» ትላለህ፤ እንቢ ካለ አቤቱታው ወደ ጄኔራሉ ያልፋል። ነገሩን ካወቅህ በ90 ቀን ውስጥ ነው። በየትኛውም በኩል ብትሄድ ቀኑን ጻፍ፣ ቅጂውን ከባራክህ (ከወታደር ማደሪያህ) ውጭ አስቀምጥ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ኮንግረስ በዚህ ነገር ለዓመታት ሲከራከር እንሰማለን። ከጦሩ ውጭ የሆነ አቤቱታ ሰሚ ማቋቋም ለምን ከበዳቸው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ወንበር ሳቡ።

ክርክሩ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ወታደር ሲበደል ማን ይወስን? አንደኛው ወገን «ኮማንደሩ ነው፤ ቅጣት የማይሰጥ አዛዥ አዛዥ አይደለም» ይላል። ሌላው ወገን «ተበዳዩም በዳዩም በአንድ አዛዥ ሥር እያሉ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው?» ይላል። የኒው ዮርኳ ሴናተር ኪርስተን ጊሊብራንድ ከ2013 ጀምረው የከባድ ወንጀሎችን ክስ ከአዛዦች እጅ ለማውጣት ታገሉ። በመጋቢት 2014 በሴኔት 55 ድምፅ አገኙ፤ የሚያስፈልገው 60 ነበረና ወደቀ። ከተቃወሟቸው ዋነኞች አንዱ የራሳቸው ፓርቲ ሰው፣ የጦር ኮሚቴው ሊቀ መንበር ካርል ሌቪን ነበሩ። የፓርቲ ጠብ ብቻ አልነበረም ለማለት ነው።

ከዚያ በ2020 ፎርት ሁድ በሚባለው የቴክሳስ ጦር ሰፈር ስፔሻሊስት ቫኔሳ ጊየን ተገደለች። ትንኮሳ ደርሶባት ለበላይ ማመልከት ፈርታ እንደነበር ቤተሰቧ ተናገረ። የተላከው ነጻ ኮሚቴም ያንን ፍርሃት በቤዙ ሁሉ አገኘው፤ 14 አዛዦችና ኃላፊዎች ከሥራ ተነሡ ወይም ታገዱ። ሕጉ በታኅሣሥ 2021 ወጣ። ከታኅሣሥ 28 ቀን 2023 ጀምሮ የአስገድዶ መድፈርን፣ የግድያን፣ የቤት ውስጥ ጥቃትንና የመሳሰሉትን ክስ የሚወስነው ከአዛዦች ሰንሰለት ውጭ ያለ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ነው።

ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የእናንተ የዕለት ተዕለት አቤቱታ፣ ስድቡ፣ የተከለከለው ፈቃድ፣ የተበላሸው ምዘና፣ አሁንም በዱሮው መንገድ ነው የሚሄደው። ጀርመኖች ከ1950ዎቹ ጀምሮ የፓርላማቸው የሆነ የወታደር አቤቱታ ሰሚ አላቸው፤ ወታደሩ አለቃውን ሳያስፈቅድ በቀጥታ ይጽፍለታል። እንግሊዞችም ከረጅም የፓርላማ ክርክር በኋላ በመስከረም 2025 የጦር ኃይሎች ኮሚሽነር ሕግ አወጡ፤ የወታደር ቤተሰብ ጭምር ችግሩን ማቅረብ ይችላል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ የለም። ይልቁንም በዚያው ወር የመከላከያው ኃላፊ ፒት ሄግሴት ኳንቲኮ ላይ ጄኔራሎችን ሰብስበው ስም የሌለው አቤቱታ ይቀራል አሉ።

እኔ አዛዥ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ሥሬ 30 ሰው ነበር፤ ሐሰተኛ አቤቱታም ቀርቦብኝ ያውቃል። ያኔ ያዳነኝ ምን መሰላችሁ? ቀን የተጻፈበት ማስታወሻ ደብተሬ።

ጥያቄ (እናት፣ ከስፕሪንግፊልድ)፦ ልጄን ሳጅኑ በየቀኑ ይሰድበዋል። ለኮማንደሩ ልደውልለት? የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም ቢያነጋግሩት?

እህቴ፣ ይቅርብዎት! እርስዎ የደወሉ ዕለት ልጅዎ በባራኩ «እናቱ የደወለችለት» ይባላል፤ ያ ስም እስከ ጡረታ ይከተለዋል። ሽማግሌዎቹንም ለሠርግ ያቆዩአቸው። ሳጅኑ ጋቢ ለብሶ የመጣ ሰው ምን እንደሚፈልግ አይገባውም።

የሚሆነው ይህ ነው። ለአካባቢያችሁ ኮንግረስማን ወይም ሴናተር ቢሮ ይጻፉ። ቢሮው የልጁን የፈቃድ ፊርማ ይጠይቃል፤ ያለ እሱ ጦሩ ስለ ልጁ አይናገርም። ስለዚህ መጀመሪያ ልጁን ያሳምኑት። ወታደር ለኮንግረስ አባል በመጻፉ መቀጣት በሕግ የተከለከለ ነው። በዚያ ሰበብ ቢበቀሉት በአንድ ዓመት ውስጥ ለአይ ጂ ያመልክት። ስድቡንም ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ማን እንደሰማ ጨምሮ ይጻፈው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል አይደል የሚባለው?

ጥያቄ፦ ሳጅኔን በስልኬ በድብቅ ብቀዳውስ?

ጠበቃ ሳትጠይቅ አትቅዳ። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ አንተው ተከሳሽ ልትሆን ትችላለህ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ወንድሜ በሳጅኑ ላይ አቤት ካለ በኋላ ወረቀት አመጡለት። «ፈርም፣ በሁለት ሳምንት ትወጣለህ፤ ዲስቻርጅህ (የስንብትህ ዓይነት) ከስድስት ወር በኋላ ራሱ ይስተካከላል» ብለውታል። ሰልችቶታል፤ ፈርሞ መገላገል ይፈልጋል። ይፈርም?

አይፈርም። አይፈርም። ሦስተኛ ልበለው? አይፈርም!

ይቅርታ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ይህ «ስድስት ወር» የሚሉት ወሬ እኔ ፕራይቬት ሳለሁም ነበር፤ ያኔም ውሸት ነበር። በራሱ የሚስተካከል ዲስቻርጅ በዓለም ላይ የለም። ዲዲ 293 የሚባል ማመልከቻ ተሞልቶ፣ በ15 ዓመት ውስጥ፣ ለሪቪው ቦርድ ይቀርባል። ቦርዱ ማስረጃ ይጠይቃል፤ እንቢም ይላል።

ወረቀቱ ላይ «ቻፕተር 10» የሚል ካለ፣ «ፍርድ ቤት አታቅርቡኝ፣ በፈቃዴ ልውጣ» ብሎ መለመን ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያስከትለው «ከክብር ውጭ» የሚሉትን ስንብት ነው። እዚህ ላይ ግሪን ካርድ ይዛችሁ የገባችሁ፣ አማርኛ ስለምታውቁ ቋንቋ የሚያውቁ የውጭ ዜጎችን ይቀጥር በነበረው በማቭኒ ፕሮግራም የተቀጠራችሁ፣ ጆሮ ስጡኝ። በውትድርና ያገኛችሁት ዜግነት አምስት ዓመት በክብር ሳታገለግሉ በዚህ ዓይነት ስንብት ከወጣችሁ ሊሰረዝ ይችላል። ዜግነት! በአንድ እስክሪብቶ! «ጄኔራል» የሚባለው የተሻለው ስንብትም ቢሆን የድኅረ 9/11 ጂአይ ቢል የትምህርት ገንዘብን ያስቀራል፤ ለእሱ ሙሉ «ኦነረብል» (የክብር ስንብት) ያስፈልጋል።

አንድ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥ አገኘኝ። ከቦርሳው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። ከታች ፊርማው ቆንጆ ነው፣ እንደ ካህን ጽሕፈት። ከፊርማው በላይ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ውስጧ የስሙ ፊደላት። «ይህቺ ምን ትላለች?» አልኩት። «አላየኋትም» አለኝ። አነበብኩለት፦ ከጠበቃ ጋር መመካከር አልፈልግም። ጠበቃው እኮ ነጻ ነበር! ትራያል ዲፌንስ ይባላል፤ ለአዛዡ አይሠራም፣ ሳንቲም አይጠይቅም። ልጁ ዝም አለ፤ ማኪያቶውንም ሳይነካው ወጣ።

እኔም ከሰማይ አልወረድኩም። ገና ስገባ አንድ የበላይ የመፍቻ ሣጥን ዝርዝር በጦር መኪና (ሃምቪ) ኮፈን ላይ ዘርግቶ «ፈርም፣ ሰልፍ ረፍዷል» አለኝ። ሳልቆጥር ፈረምኩ። ግማሹ ዕቃ አልነበረም፤ ከደመወዜ ተቆረጠ። አቤት ብል «ፊርማህ ነው» አሉኝ፤ ፊርማዬ ነበር።

ስለዚህ ለወንድምህ እንዲህ በለው። አስቸኩሎ የሚያስፈርምህ ሰው ለራሱ ነው የሚቸኩለው። አንቀጽ 15 (አዛዥ ያለ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ቅጣት) ቢያመጡለት በደንቡ ጠበቃ አይቶ ለመወሰን ወደ 48 ሰዓት ይሰጠዋል። የምክር ቅጽ የሚባለው 4856 ላይ መፈረም ማየቱን ነው የሚያሳየው፣ መስማማቱን አይደለም፤ «አልስማማም» የሚል ሳጥን አለ፣ ምልክት ያድርግበትና ምክንያቱን ይጻፍ። የስንብቱን ወረቀት ግን ነገ ጠዋት ይዞ ትራያል ዲፌንስ ይሂድ፤ ዜጋ ካልሆነም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጨምር። ከአቤቱታው በኋላ ወረቀቱ መምጣቱ ራሱ የበቀል ርምጃ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው አቤቱታው የገባበት ቀን የሚያስፈልገው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ተማርሮ ከቤዝ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ከ30 ቀን በፊት ይመለስ፤ ከዚያ በኋላ ከድቷል ተብሎ የመያዣ ትእዛዝ ይወጣበታል። ዛሬውኑ ለጠበቃ ይደውል። ለእኔ አይደለም፣ ለጠበቃ።

ጥያቄ (ስሟ እንዳይጠቀስ የጠየቀች)፦ የጾታ ጥቃት ደርሶብኛል፤ አለቃዬ እንዲያውቅ አልፈልግም።

የኔ ልጅ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ሁለት ዓይነት ሪፖርት አለ፤ አንዱ ይፋ፣ አንዱ የተገደበ። «ሪስትሪክትድ» የሚባለውን ከመረጥሽ ሕክምናና ምክር ታገኛለሽ፣ አለቃሽ አይነገረውም፣ ምርመራም አይጀመርም። ለአለቃሽ ቀድመሽ ከነገርሽ ግን ነገሩ ወደ መርማሪዎች ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ የቤዙን የጥቃት ምላሽ አስተባባሪ ወይም ሐኪም አግኚ፤ ነጻ የተጠቂዎች ጠበቃም አለሽ። ዛሬ።

ጥያቄ፦ የጦሩ ሐኪም በስህተት ጎዳኝ፤ መክሰስ እችላለሁ?

ፍርድ ቤት? በ1950 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰጠው የፌሬስ ውሳኔ ወዲህ አይቻልም። ከ2020 ጀምሮ ግን በጦር ሆስፒታል ለደረሰ የሕክምና ስህተት ለመከላከያው ካሳ መጠየቅ ይቻላል፤ ገደቡ ሁለት ዓመት ነው። የሕክምና መዝገብህን ቅጂ አውጣና ጠበቃ ዘንድ ሂድ።

ጥያቄ፦ በአገር ቤትስ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሠራዊቱ ሰብአዊ መብት ሲጥስ እንዲያጣራ ሥልጣን ይሰጠዋል። እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ፤ ማቋቋሚያ አዋጁ ግን በአገር ደህንነትና በመከላከያ ጉዳይ የሠራዊቱን ውሳኔ እንዳይመረምር ያግደዋል። ወታደሩ እንባውን የት ያብስ የሚለው እዚያም ተከፍቶ ያለ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ (አዲስ ምልምል)፦ ድሪል ሳጅኔ ስለሳቅሁ ብቻ ፑሽ አፕ አሠራኝ። አቤት ልበል?

ስንት? ሃያ ከሆነ ሥራ፣ ደረትህ ይሰፋል። ጉልበትህ እስኪከዳህ ከሆነ ወይም ታመህ እያለ ካሠራህ ሐኪም ዘንድ ሂድና ንገር። ቀኑን ግን ጻፍ።