ሳይቸግር ጤፍ ብድር፦ ለተርሚናል መሣሪያ ላይብረሪ ስንመርጥ

እንደምን አደራችሁ። የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ተርሚናል ላይ በትእዛዝ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ስንሠራ፣ ኮማንድ ላይን ቱል የምንለውን ማለቴ ነው፣ የትኛውን ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ፣ ማለት ሌሎች ጽፈው በነፃ የለቀቁትን ዝግጁ ኮድ፣ እንያዝ? ብዙዎቻችን ኮድ በሚጋራበት ድረ ገጽ በጊትሃብ ላይ ሰዎች የሰጡትን ኮከብ ቆጥረን እንመርጣለን። እኔም እንደዛ አደርግ ነበር። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይሄ ነገር የሚሠራው የት ነው? የማን ኮምፒውተር ላይ?

ይሄን ጥያቄ ያስተማረኝ መንዝ ነው። እዛው መሐል ሜዳ ከተማ ላለ አንድ ማኅበር የአባላቱን መዝገብ ተቀብሎ፣ በቀበሌ ለይቶ ድምር የሚያወጣ መሣሪያ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሠራሁ። ቤቴ ውስጥ በጣም ያምር ነበር። ቀለም አለው፣ ሠንጠረዥ አለው፣ ሥራው ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ መስመር አለው። ጣርማበር ላይ ወደ መንዝ ታጥፌ ቢሮው ስደርስ ኔትወርክ የለም። ላይብረሪዎቹ ደግሞ ካልወረዱ መሣሪያው አይነሳም። በስልኬ ሞከርኩ፣ ግማሽ ላይ ይቆማል፣ እንደገና እጀምራለሁ፣ እንደገና ይቆማል። መዝገብ ያዥዋ እስከ 11 ሰዓት አብራኝ ቆየች። ሳልጭነው ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ኮዱን ሳየው፣ ያን ሁሉ ላይብረሪ የሰበሰብኩት ሁለት ነገር ከተጠቃሚው ለመቀበል ነው፤ የፋይል ስምና የቀበሌ ስም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ለዚህ አርግፓርስ የሚባለው ላይብረሪ ይበቃል። ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፣ ከስሪት 2.7 እና ከ3.2 ጀምሮ እዛው ውስጥ አለ፣ ምንም አይወርድም። የእገዛ ጽሑፉን እንኳ ራሱ ያዘጋጃል። ኮዱ ትንሽ ይረዝማል፣ እውነት ነው። ግን የሚረዝመው እኔ ጋ ነው፣ መሐል ሜዳ አይደለም።

ሁልጊዜ አርግፓርስ በቂ ነው ማለቴ አይደለም። በአንድ መሣሪያ ሥር ብዙ ትእዛዝ ሲኖር፣ ትእዛዝ ውስጥ ሌላ ትእዛዝ ሲገባ፣ ክሊክ የሚባለውን ላይብረሪ እወስዳለሁ። አርሚን ሮናከር የሚባል ፕሮግራመር በ2014 ያወጣው ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። የምወደው ብቻውን የሚቆም መሆኑን ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ለቀለም ከሚፈልጋት ከአንዲት ትንሽ ላይብረሪ በቀር ሌላ አይጎትትም። ታይፐር የሚባለው ላይብረሪ ሲጀመር በዚሁ በክሊክ ላይ የተሠራ ነው፣ ለመጻፍ በጣም ይቀላል፣ አብሮት የሚወርደው ላይብረሪ ግን ይበዛል። ለራሳችሁ ላፕቶፕ ከሆነ ምንም ችግር የለውም።

ቀጥሎ የማየው ማን እንደሚጠብቀው ነው። ዶክኦፕት የሚባል አለ። የእገዛ ጽሑፉን ትጽፋላችሁ፣ እሱ ከዛ ተነስቶ ትእዛዙን ይረዳል። ሐሳቡን እስከዛሬ እወደዋለሁ፣ ግን ዋናው ላይብረሪ ከ2014 በኋላ አዲስ ስሪት አልወጣለትም። ልብ የሚሰብረው ደግሞ የኤክስዜድ ታሪክ ነው። ግማሽ ዓለም የሚጠቀምበትን የፋይል ማጨቂያ ለዓመታት የያዘው አንድ የደከመ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ላግዝህ ብሎ የቀረበ ሰው አመኔታ አገኘና በ2024 ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር፣ ማለት በሚስጥር ሰርጎ መግቢያ፣ ከተተ። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ባይቆፍር ኖሮ በየሰርቨሩ ይገባ ነበር። እና እባካችሁ፣ የምትጠቀሙበት ላይብረሪ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መሆኑን ካያችሁ፣ ስህተት ስታገኙ በደንብ ጽፋችሁ ላኩለት፣ የምትችሉትን አስተካክሉለት። አመስግኑትም።

በ2016 ደግሞ ሌፍት ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ባለቤቷ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች ከሚቀመጡበት ከኤንፒኤም ስላወጣት ብቻ ስንት ፕሮጀክት ቆመ። ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ የምትሞላ ኮድ ናት! እንዲህ ያለውን ራሳችን መጻፍ እንችላለን።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ፣ ይሄን ማንም አይፈትሽልንም። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት፣ ማለት 3 የማከማቻ ክፍል፣ ይይዛል። «ደብረ ብርሃን» ከነክፍተቱ 8 ቁምፊ ነው፣ በባይት ግን 22። ባይት የሚቆጥር ላይብረሪ፣ ለምሳሌ በሲ ቋንቋ የማተሚያ ትእዛዝ በፕሪንትኤፍ ላይ የተደገፈ፣ ሠንጠረዡን ያጣምመዋል፤ የእንግሊዝኛው ረድፍ ቀጥ ይላል፣ የኛ ወደ ውስጥ ይገባል። ፓይተን ቁምፊውን ስለሚቆጥር እዚህ ላይ ይሻላል። ላይብረሪ ስትሞክሩ «ሰላም» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የቀበሌ ስም፣ የአባት ስም፣ ባለ አማርኛ የፋይል ስም ስጡት። ፋይሉን መክፈት ካቃተው ዛሬውኑ ተዉት።

ፓይተን ጨርሶ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ከሆነ ጎ ወደሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እሄዳለሁ። በብዙ ሰርቨር ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረውን ኩበርኔቲስን የምናዝበት ኩብሲቲኤል፣ የጊትሃብ የራሱ ትእዛዝና የድረ ገጽ መሥሪያው ሁጎ የተሠሩበት ኮብራ የሚባል ላይብረሪ አለ። ውጤቱ አንድ ፋይል ነው፣ በፍላሽ ትወስዱታላችሁ፣ አለቀ። ረስት የሚባለውን ቋንቋ የምትችሉ ክላፕ የሚባል ላይብረሪ አለላችሁ።

ላይሰንሱንም፣ የአጠቃቀም ፈቃዱን ማለቴ ነው፣ አንብቡ፣ 2 ደቂቃ ነው። ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ ከሆነ የባለቤቱን ስምና ፈቃዱን አብራችሁ ካቆያችሁ ይበቃል። ተጠቃሚው የሚጽፈውን መስመር የሚቀበለው ሪድላይን የሚባል ላይብረሪ ግን ፈቃዱ ጂፒኤል ነው፤ ከመሣሪያችሁ ጋር አያይዛችሁ ለሌላ ሰው ከሰጣችሁ የእናንተም ኮድ በዛው ፈቃድ መከፈት አለበት። ይሄን ከደንበኛ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ ማወቅ ከባድ ነው።

መሐል ሜዳ ሁለተኛ ስሄድ በፍላሽ አንድ ፋይል ብቻ ይዤ ነበር። መዝገብ ያዥዋ ራሷ ከፈተችው፣ የቀበሌውን ስም በአማርኛ ጻፈች፣ ድምሩ ወጣ። ያ ፋይል አሁን እጄ ላይ አለ። ላፕቶፕ የያዛችሁ ዋይፋዩን አጥፉና ወደ ፊት ኑ፣ አብረን እናስነሳው።