ከጎማው በፊት መሬቱን እዩ

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ወሬዬ ስለ ጎማ ነው። ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ ስትሰሙ ውላችሁ ጎማ ሊያንስባችሁ ይችላል። ግን ትንሽ አውሮፕላን ገዝቶ ከአስፋልት ውጭ ለማረፍ ያሰበ ሰው ቶሎ ኪሱ የሚገባው ለጎማ ነው። ደግሞ ብዙው ሰው የሚመርጠው ፎቶ አይቶ ነው። ሱፐር ከብ የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን በባለ 31 ኢንች ጎማ የወንዝ ጠጠር ላይ ቆማ ስትታይ ታምራለች፣ አልክድም። ጥያቄው እናንተ የምታርፉበት መሬት ያን ያህል ጎማ ይፈልጋል ወይ ነው።

ይሄ ትልቅና ለስላሳ ጎማ «ታንድራ ጎማ» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከታንድራ፣ ማለትም ሰሜን ዋልታ አካባቢ ካለው ዛፍ አልባ ቀዝቃዛ ሜዳ ነው። አላስካ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት መንደሮችና ከተሞች በመኪና መንገድ አይገናኙም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሄዶ የሚያርፈው ወንዝ መሀል ባለ ጠጠር ላይ፣ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ፣ ወይም ታንድራው ራሱ ላይ ነው። ታንድራ ከላይ ሲያዩት ሜዳ ይመስላል። ሲወርዱበት ረግረግ ነው፣ ጉብታ ነው፣ ከሥሩ ውሃ ነው። ተራ ጎማ እዚያ ይሰምጣል፣ ወይም ጉብታው ያነቀውና አውሮፕላኑ በአፍንጫው ይደፋል።

ትልቁ ጎማ ለምን አይሰምጥም? ሒሳቡ ቀላል ነው። ጎማው መሬቱን የሚጫነው በውስጡ ባለው ንፋስ ልክ ነው ማለት ይቻላል። የሱፐር ከብ ከፍተኛ ክብደት 1,750 ፓውንድ ነው። አንዱ ዋና ጎማ 800 ፓውንድ ተሸከመ እንበል። ንፋሱ 25 ፒኤስአይ (በካሬ ኢንች 25 ፓውንድ ግፊት) ከሆነ መሬት የሚነካው 32 ካሬ ኢንች ያህል ነው። 8 ፒኤስአይ ላይ ግን 100 ካሬ ኢንች ይደርሳል። የግመል እግር አሸዋ ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጥቅሙ የሚገኘው ከንፋሱ ማነስ ነው። ትልቅ ጎማ ገዝቶ ጠጠር እስኪመስል የሚነፋ ሰው አለ። እሱ የገዛው ክብደት ብቻ ነው።

የጎማው ቁመት ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው። 8.50-6 በሚል መጠን የሚታወቀው ተራ ጎማ ወደ 22 ኢንች ቁመት አለው። 31 ስታደርጉበት የአውሮፕላኑ አፍንጫ አራት ኢንች ያህል ከፍ ይላል። ፕሮፔለሩ ከድንጋይ ይርቃል። እንደ ሱፐር ከብ ሦስተኛ ጎማው ጭራው ሥር በሆነ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ሦስቱም ጎማ መሬት ላይ ሲሆን ክንፉ የበለጠ ወደ ላይ ያዘነብላል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ ማረፍና በአጭሩ መነሳት ይቻላል። እንደኔ እንደኔ ብዙ ፓይለት ሳያውቀው የሚወደው ይሄንን ነው። በሌላ በኩል መሬት ላይ ስትነዱ ፊት ለፊታችሁ ከአፍንጫው በቀር የሚታይ ነገር አይኖርም። ግራ ቀኝ እየዞራችሁ ካልሄዳችሁ የቆመ ሰው እንኳ ላታዩ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ዋጋው። የገንዘቡን ማለቴ አይደለም። አየር ላይ ፍጥነት ይቀንስባችኋል፣ ከጭነታችሁም ላይ ኪሎ ይቆርጣል። ይሄን ሁሉም ስለሚያውቀው አልቆምበትም።

የሚቆምበት ፍሬኑ ነው። ፍሬን ጎማውን የሚይዘው በሚጠመዝዝ ኃይል ነው። ያው ኃይል መሬት ሲደርስ በጎማው ግማሽ ቁመት ይካፈላል። ከ22 ወደ 31 ኢንች ስትሄዱ፣ ፍሬኑ ሳይነካ፣ የመያዝ አቅሙ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። በአጭር ቦታ ለማቆም ብላችሁ ጎማ ቀየራችሁ፣ ማቆሚያችሁ ግን ደከመ! መፍትሔው ፍሬኑን አብሮ ማሳደግ ነው። እሱም ጣጣ አለው። ጠንካራ ፍሬንና ለስላሳ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲገናኙ ጎማው ይነክሳል፣ ጭራው ይነሳል። እግራችሁን ረጋ አድርጉ። አስፋልት ለስላሳውን ላስቲክ ቶሎ እንደሚበላውም አትርሱ።

ሁለተኛው ውሃ ነው። እርጥብ ማኮብኮቢያ ላይ ጎማ ውሃውን መግፋት አቅቶት መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በግምት ይሰላል። የጎማውን ንፋስ በፒኤስአይ ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ9 ስታባዙ በኖት ይመጣላችኋል (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው)። 25 ፒኤስአይ ላይ 45 ኖት ነው። 8 ላይ ወደ 25 ኖት ይወርዳል። ሱፐር ከብ ደግሞ መሬት የሚነካው ከ35 እስከ 40 ኖት አካባቢ ነው። ይታያችሁ! በተራው ጎማ ስትነኩ ከመንሳፈፊያው በታች ናችሁ። በለስላሳው ግን ገና ከላይ ናችሁ፣ ፍሬን ብትረግጡም የሚይዝ ነገር የለም። አንዳንዶች ወንዝ ላይ በጎማ ሲንሸራተቱ የምታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለምን እንደሚሆን ለማስረዳት ነው ያነሳሁት፣ እናንተ እንድትሞክሩት አይደለም።

ብርድም አለ። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 8 ፒኤስአይ የነፋችሁት ጎማ፣ ከዜሮ በታች 20 ሲሆን ወደ 5 ይወርዳል። ምንም ሳይተነፍስ ማለት ነው። በዚያ ንፋስ ፍሬን ስትረግጡ ጎማው ቸርኬው ላይ ሊዞር ይችላል። የውስጥ ጎማ ካለው ቫልቩን ይቆርጠዋል። ስለዚህ መለኪያችሁ ትንንሽ ቁጥሮችን በደንብ የሚያነብ ይሁን። ለመኪና የተሠራው ጌጅ 5ና 8ን በደንብ አይለይላችሁም።

እና የቱን እንምረጥ? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሥራችሁን ከሚሠሩት ውስጥ ትንሹን። የምታርፉት በሣር ሜዳና በተደላደለ ጠጠር ላይ ከሆነ 8.50-6 ይበቃችኋል። አልፎ አልፎ ሻካራ ቦታ ከሄዳችሁ 26 ኢንች ጥሩ መሀል ነው። 29ና 31 ኑሮው ጉብታና ድንጋይ ላይ ለሆነ ሰው ነው። 35 የሚያስፈልገው ሰው ማንንም አይጠይቅም፣ ለምን እንደፈለገው ያውቃል። የጭራዋንም ጎማ አስቡ። ፊቱ ተንሳፍፎ ጭራው የሚሰምጥ አውሮፕላን የትም አይሄድም።

ከመግዛታችሁ በፊት መካኒካችሁ የአውሮፕላኑን እግር ይይላችሁ። ጎማው ሲከብድና ሲረዝም እግሩ፣ አክሱሉና የሚያነጥረው የላስቲክ ገመድ ሁሉ ሌላ ጭነት ይመጣባቸዋል። ጎማው ራሱም ያነጥራል። የመኪና አሞርዛተር ዓይነት ማብረጃ ስለሌለው ጠንከር አድርጋችሁ ካሳረፋችሁት መልሶ ይወረውራችኋል። በመጨረሻ ወረቀቱ። በአሜሪካ ሕግ ለአውሮፕላናችሁ ሞዴል የጸደቀ ኤስ ቲ ሲ (በአውሮፕላን ላይ ለውጥ ለማድረግ የሚሰጥ ፈቃድ) መኖሩን አጣሩ፣ የክብደትና ሚዛን ሰነዱም እንደገና ይሠራ።

ጎማዎቹ ከኋላ በሩ አጠገብ ተደርድረዋል፣ 26ቱም 31ዱም አሉ። ጫን ጫን እያደረጋችሁ ንፋሳቸውን ገምቱ፣ ከዚያ በጌጅ እናረጋግጣለን። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቀኝ።