በመሳቢያችን ያለው ብር የማን ነው?

የእንጨት ሥራ ማህበር ሊቀመንበር የመክፈቻ ንግግር፣ ጅማ፣ ጳጉሜን 2017

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አካም ቡልታን! ከአጋሮና ከሰርቦ በዚህ ጭቃ ለደረሳችሁ ምስጋናችን ድርብ ነው።

ጳጉሜን ለእንጨት ሥራ ሰው ክፉ ወር ናት። ሥራ ይቀዘቅዛል። የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል። በዓሉ ደጅ ላይ ነው። የቤት ኪራይ ክረምት ነው ብሎ አይታገስም። በዚህ ሰሞን እርስ በርስ ስንገናኝ የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነው። ያ ሁሉ ብር የት ገባ?

ዛሬም የማነሳው ይህንኑ ነው። ምክንያቱም ዓመቱ ሥራ የጠፋበት አልነበረም። ቡና ዋጋ አወጣ። የካቲት ላይ የአረቢካ ዋጋ በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። አገራችንም በበጀት ዓመቱ ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። የሊሙ፣ የጎማና የማና አካባቢ ገበሬ ቡናውን ሲሸጥ መጀመሪያ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል፤ ከዚያ አልጋና ቁምሳጥን ያዝዛል። ከኅዳር እስከ ጥር በየሱቃችን ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር። ታዲያ ብሩ የት ሄደ?

እኔ የምለው፣ ብሩ መጀመሪያውኑ የእኛ አልነበረም። በመሳቢያችን ገባ እንጂ የሌላ ሰው ነበር።

ቀብድን ውሰዱ። ደንበኛው የዋጋውን ግማሽ ይከፍላል። ያ ብር ገና ያልተገዛ ጣውላ፣ ኤምዲኤፍ፣ ማጠፊያ፣ ኮላና ቫርኒሽ ነው። ብዙዎቻችን ግን በእሱ ያለፈውን ደንበኛ ዕቃ እንጨርስበታለን። የአሁኑን ደግሞ ነገ በሚመጣው ቀብድ እንሠራለን። ቡና እስካለ ድረስ ይሄ ይሄዳል። አንዱ ቀብድ ሌላውን ይጎትታል። መጋቢት ላይ ግን አዲስ ቀብድ የሚያመጣ ሰው ይቀንሳል፤ ያልተሠራው ቁምሳጥን ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስልክ ማጥፋት የሚጀመረው ያኔ ነው። አትሳቁ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሲም ካርድ የቀየረ አይጠፋም።

ይሄ ልማድ ድሮም ነበረ። ዋጋ ሲረጋጋ ብዙም አይጎዳም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ግን ጨዋታው ተቀየረ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተከትሎ ወጣ። ቀብድ በተቀበለበት ቀን ዕቃውን የገዛ ሰው ተረፈ። ብሩን ይዞ የቆየ ሰው በአሮጌ ዋጋ ተዋውሎ በአዲስ ዋጋ ገዛ፤ ቁምሳጥኑን ጨርሶ ሲያስረክብ ከኪሱ ጨምሮ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ሁለት ሐሳብ ያቀርባል። አንደኛ፣ የቀብድ ብር በዚያው ቀን ዕቃ ይገዛበት። ካልተቻለ በሌላ የባንክ ሂሳብ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በምንሰጠው ፕሮፎርማ ላይ ዋጋው የሚጸናበት ቀን ይጻፍ። ደንበኛ ይሸሻል የሚል ስጋት አለ፤ ገብቶኛል። ግን የሲሚንቶ ነጋዴው ቀን ይጽፍልናል፤ ቆርቆሮ ሻጩም እንደዚያው። እኛ ምን ስለሆንን ነው የማንጽፈው?

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር አለ። መጋዘን ያለውን ጣውላ ድሮ በርካሽ ገዝቼዋለሁ ብሎ በርካሽ መሥራት ደግነት ይመስላል። ደንበኛው ይመርቃል። ጣውላው ሲያልቅ ግን ያንኑ ያህል መልሰን መግዛት አንችልም።

ከዚህ ሁሉ ነገር የዳነ አንድ ዕቃ ቢኖር በርጩማችን ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። ሚስማር የለው፣ ማጠፊያ የለው። ዶላር ወጣ ወረደ አይመለከተውም። ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት የመጣ እንግዳም ይዞት መሄድ ይወዳል። ችግሩ ግንዱ ነው። ዋንዛው ለቡናው ጥላ ነው፤ እንደ ልብ አይቆረጥም፣ መቆረጥም የለበትም። ስለ ችግኙ ከሰዓት እንነጋገራለን።

ግብሩን ባጭሩ ልለፈው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ለተመዘገበ ሰው 15 በመቶው የመንግሥት ነው፤ ለአደራ ነው የተቀመጠው። በዚህ ክረምት የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያም የግብር ከፋይ ደረጃ ሐን አስቀርቶ ሀ እና ለ ብቻ አድርጎናል። መለያው የዓመት 2 ሚሊዮን ብር ሽያጭ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ ለ ነው። ደረጃ ለ የሚሰላለት በጠቅላላ ሽያጩ ነው፤ «ኧረ አልተረፈኝም» ማለት አያስቀንስም። ደብተር የሌለው ሰው ከመስከረም ጀምሮ ይያዝ።

ዱቤ ላይ ግን ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ለገበሬ ቡና እስኪደርስ የሚሰጥ ዱቤን አልቃወምም። የአካባቢያችን ንግድ የቆመበት ነው፤ ገበሬውም ኅዳር ላይ ይከፍላል። በጽሑፍ ይሁን እንጂ ይቀጥል። የከፋው የዘመድና የጎረቤት ዱቤ ነው። ቀጠሮ የለውም፤ ብትጠይቅ ኩርፊያ ነው፣ ዝም ብትል ኪሳራ። ወንበርና ጠረጴዛ አስረክበን ክፍያው ለወራት የቆየብን መሥሪያ ቤትም አለ። ስሙን አልጠራም። በሚቀጥለው ዓመት ግን እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ቅድመ ክፍያ ባንነካ ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ የከፈልኩበት መልእክት ይኸው ብሎ ስልኩን እያሳየ ዕቃ ጭኖ የሚሄድ በዝቷል። የእሱን ስልክ ሳይሆን የራሳችሁን ሂሳብ አይታችሁ ጫኑ።

የመጨረሻው የቤታችን ጉዳይ ነው። ጠዋት ለገበያ፣ ማታ ለለቅሶ፣ ሁሉም ከዚያችው መሳቢያ ይወጣል። ለሠራተኞቻችን ደሞዝ እንቆርጣለን፤ ለራሳችን ግን አንቆርጥም። ትንሽም ብትሆን ለራሳችን ወርኃዊ ደሞዝ እንቁረጥ፤ ቤታችን በእሷ ይተዳደር።

ገቢያችን የቡና ገቢ ነው፤ ወጪያችን ግን አሥራ ሦስቱንም ወር አለ። ስለዚህ ኮሚቴው ከኅዳር እስከ የካቲት የሚጣል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለሁሉም አባል የሚመለስ ቁጠባ እንዲጀመር ሐሳብ ያቀርባል። የሚጣለውን መጠን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ድምፅ የሚሰጥበት ከምሳ በፊት ስለሆነ፣ እባካችሁ ቡና ልጠጣ ብላችሁ እንዳትጠፉ።

አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሪፖርት ያቀርባሉ። ከዚያ በፊት ግን ያልተከፈለ የአባልነት መዋጮ ዝርዝር ይነበባል። ጉባኤው ተከፍቷል።