የቤተሰብ ስም መንገድ ሲያስት፦ የፈረንሳይ ካናዳውያንን የዘር ሐረግ ስለ መቁጠር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ከመካከላችሁ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከሆነችው የካናዳ ክፍለ ግዛት ከኩቤክ ቤተሰብ ጋር በጋብቻ የተዛመዳችሁ አላችሁ። ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት የልጆቻችሁን ትውልድ በአንዱ ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ፣ በሌላው ወገን ግን ከአያት ማለፍ ላቃታችሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ በዚያ አገር የቤተሰብ ስምን ብቻ ተከትሎ የሚሄድ ሰው መንገድ ይስታል።

ምክንያቱን ለማግኘት ወደ 1665 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የካሪኛን-ሳሊዬር ክፍለ ጦር 1,200 ገደማ ወታደሮችን ይዞ ከፈረንሳይ ኩቤክ ደረሰ፤ ዘመቻው ሲያበቃም 400 ያህሉ እዚያው ቀርተው መሬት ያዙ፣ አገቡ፣ ወለዱ። የፈረንሳይ ወታደር ከአባቱ ስም ሌላ የጦር ስም ነበረው፤ አንዱ ላፍለር፣ ማለትም አበባ፣ ሌላው ሳንሱሲ፣ ማለትም ሐሳብ የለሽ ይባላል። አባ ታጠቅና አባ ዳኘው የፈረስ ስሞች መሆናቸውን ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ የእኛ የፈረስ ስም ከባለቤቱ ጋር ሲቀር የእነርሱ የጦር ስም ግን ለልጅ ልጅ መውረዱ ነው። በመዝገብ ላይ ሁለቱን ስሞች የሚያያይዛቸው «ዲ» የሚለው ቃል ሲሆን ትርጉሙም «የተባለ» ነው፤ ስለዚህ «ፒየር ኡዶን ዲ ቦሊዩ» ማለት ቦሊዩ የተባለው ፒየር ኡዶን ማለት ነው። ወታደር ያልሆኑትም ከመንደራቸው ወይም ከመሬታቸው እንዲህ ያለ ስም ያወጡ ነበር። ከዘሩ ግማሹ ኡዶን፣ ግማሹ ቦሊዩ ሆኖ ስለ ቀረ፣ ዛሬ ሁለት የማይተዋወቁ የሚመስሉ ቤተሰቦች የአንድ ሰው ልጆች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ከ1840 እስከ 1930 ባሉት ዓመታት 900,000 ያህል የፈረንሳይ ካናዳውያን ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ፤ ስሙ ወደ እንግሊዝኛ እየተተረጎመ ርዋ (ንጉሥ) የነበረው ኪንግ፣ ቧቬር (አረንጓዴ ደን) የነበረውም ግሪንውድ ተባለ።

ታዲያ ሐረጉ የሚያዘው በምን ነው? በጋብቻ መዝገብ ነው። የካቶሊክ ካህናት ሙሽራውንና ሙሽሪትን ሲያጋቡ የሁለቱንም አባትና እናት ስም፣ እናቲቱንም በራሷ የትውልድ ስም፣ እንዲሁም የመጡበትን ቁምስና፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ፣ ይጽፉ ነበር። ባል ስሙን ቢለዋውጥ እንኳ ሚስት እስከ ቀብሯ ድረስ በመዝገብ የምትጻፈው በአባቷ ቤት ስም ነበርና፣ የጠፋውን ባል የሚያስገኘው ብዙ ጊዜ የሚስቱ ስም ነው። እንዲህ ከልጆች ጋብቻ ወደ ወላጆች ጋብቻ እየወጡ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይደረሳል። መበለት ዳግም ስታገባ ግን ካህኑ በወላጆቿ ፈንታ የሞተውን ባሏን ብቻ ሊጠቅስ ስለሚችል፣ የመጀመሪያ ጋብቻዋን መፈለግ ግድ ይሆናል።

ስለ ክርስትና ስምም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወንድ ሁሉ ዦዜፍ፣ ሴት ሁሉ ማሪ እየተባለ ይጠመቅ ስለ ነበር፣ በአንድ ቤት ስድስት ዦዜፎች ብታገኙ አትደናገጡ፤ የዕለት መጠሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከተደራረቡት የክርስትና ስሞች መጨረሻ ላይ ያለው ነው።

መዝገቡም ቢሆን ጉዳት ደርሶበታል። በ1640 የኩቤክ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል የጠፋው መዝገብ እንደገና የተጻፈው ከሰዎች ትዝታ ነው። ዳሩ ግን የተረፈው እጅግ ብዙ በመሆኑ ሲፕሪያን ታንጌ የተባሉ ካህን ከ1871 እስከ 1890 ሰባት ቅጽ የቤተሰቦች መዝገበ ቃላት ሊያሳትሙ ችለዋል።

የዛሬው ሕግ በዚህ ረገድ ወደ ጥንቱ ልማድ ያዘነበለ ይመስለኛል፤ በኩቤክ ከ1981 ጀምሮ ያገባች ሴት በሕግ ፊት የምትጠራው እንደ እኛው በትውልድ ስሟ ነው፤ ልጅም የአባቱን፣ የእናቱን ወይም የሁለቱንም ስም ሊይዝ ይችላል።

እንግዲህ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የኩቤኳን አያት የቤተሰባቸውን ስም አመጣጥ ከመጠየቃችሁ በፊት እናታቸው በየትኛው ቁምስና፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንዳገቡ ጠይቋቸው።

አመሰግናለሁ።