የቪሼግራድ ሰዎች የት ሄዱ?

ክቡራን እንግዶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የቦስኒያ ከተማ ነው። ቪሼግራድ ትባላለች። ከሰርቢያ ድንበር አጠገብ፣ ድሪና ወንዝ ዳር ነው ያለችው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1991 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በቪሼግራድና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች 21,199 ሰው ይኖር ነበር። ከመቶው 63ቱ ሙስሊሞቹ ቦስኒያኮች፣ 32ቱ ኦርቶዶክሶቹ ሰርቦች ነበሩ። ሰፈሩም ገበያውም የጋራ ነበር። በ2013 እንደገና ሲቆጠር 10,668 ሰው ብቻ ተገኘ። ከ13 ሺህ በላይ ከነበሩት ቦስኒያኮች የቀሩት አንድ ሺህ ገደማ ናቸው።

እንዲህ ያለ ቁጥር ስናይ «ሕዝቡ ተሰደደ» ብለን ማለፍ ይቀናናል። አደራ፣ ስለ ቪሼግራድ እንዲህ አንበል። ከባልካን ትንንሽ ከተሞች ሰው ሥራ ፍለጋ እንደሚወጣ እውነት ነው። እነዚህን ሰዎች ግን ያጠፋቸው ሥራ ማጣት አይደለም።

ከተማዋ ውስጥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ባለ 11 ቅስት የድንጋይ ድልድይ አለ። ያሠራው መህመድ ፓሻ ሶኮሎቪች ነው። የተወለደው እዚያው አካባቢ፣ ከክርስቲያን ቤተሰብ ነው። በልጅነቱ ተወስዶ ሰለመ፤ በኋላም የኦቶማን መንግሥት ታላቅ ቪዚር፣ ማለትም ከሱልጣኑ ቀጥሎ ያለ ሹም ሆነ። ድልድዩ መሀሉ ላይ ሰፋ ይላል፤ የድንጋይ መቀመጫም አለው። ሰው አረፍ ብሎ የሚጨዋወትበት ቦታ ነው። በ1992 የቦስኒያ ጦርነት ሲጀመር የሰርብ ታጣቂዎች እዚሁ ድልድይ ላይ ሰው እየገደሉ ወደ ድሪና ወረወሩ።

በዚያው ዓመት ጁን 14 ቀን፣ ፒዮኒርስካ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን አንድ ቤት ውስጥ አጉረው እሳት ለቀቁባቸው። ከ50 በላይ ሰው አለቀ። በመስኮት ዘለው ያመለጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የተረፉት ሄግ ወዳለው ዓለም አቀፍ የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው መሰከሩ። የታጣቂዎቹ መሪ ሚላን ሉኪች በ2009 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ቁጥሩን የለወጠው ይሄ ነው። ነፍሱን ያተረፈው ወደ ጎረቤት ከተማ ጎራዥዴ፣ ወደ ዋና ከተማዋ ሳራዬቮ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ውጭ አገር ተበተነ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ከሳራዬቮ የወጡ ሰርቦች መጥተው ሰፈሩ። እነሱም ቤታቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሐዘናቸውን መካድ ልክ አይመስለኝም። የሰርቦቹ ቁጥር ከ6,700 ገደማ ወደ 9,300 ከፍ አለ። ቢሆንም የጎደለው አልሞላም፤ ከተማዋ ግማሽ ሆና ቀረች።

በ2010 ከቪሼግራድ በታች ድሪና ላይ ያለው የፔሩቻትስ ግድብ ለጥገና ውሃው እንዲቀንስ ተደረገ። ሐይቁ ሲሸሽ ዳርና ዳሩ ላይ የሰው አፅም ታየ። ባለሙያዎችና በጎ ፈቃደኞች ጭቃ ውስጥ እየገቡ ለቀሙት። በዲኤንኤ ምርመራ የብዙዎቹ ማንነት ታወቀ፤ ቤተሰቦቻቸውም ከብዙ ዓመት በኋላ መቃብር አገኙላቸው። ለእኔ ይህ ከቆጠራው እኩል ሊነገር የሚገባው መዝገብ ነው። ውሃው ተመልሶ ሲሞላ ግን ሁሉም አልተገኘም ነበር። ዛሬም አፅም የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።